«ቁጥር መጫን ምን ይከብዳል?» ለምትሉኝ

ሥራዬ ደዋይ አጠገብ ቁጭ ብዬ አውቶማቲክ የስልክ መልስ (ያ «ለዚህ 1ን ይጫኑ» የሚለውን ማሽን) ሲጠቀም ማየት ነው። አዲስ ሲስተም በተሠራ ቁጥር «ድምፅ እኮ ነው፣ ማንበብ አይጠይቅም፤ ላልተማረ ሰው ገላግሌ ነው» የሚል አንድ ሰው ከስብሰባ አይጠፋም። ሰለቸኝ።

ጽሑፍ ቆሞ ይጠብቃል፤ ያልገባህን መስመር ተመልሰህ ታየዋለህ። ድምፅ ያልፋል። ስልኩ ስምንት ምርጫ ሲደረድር፣ አምስተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያው ጠፍቷል። መጻፍ የሚችል እስኪርቢቶ አንስቶ ይጫጭራል። የማይችለው ሁሉንም በጭንቅላቱ ይሸከማል። «ገላግሌ» የተባለለት ሰው ነው እንግዲህ የሚደክመው።

አንዲት እናት፣ ድምፅዋ የተቀዳው ሴት «እንኳን ደህና መጡ» ስትላቸው፣ «እንኳን ደህና ቆየሽ ልጄ» ብለው መለሱ። ጉዳያቸውን ማስረዳት ጀመሩ። እሷም ታወራለች። ጨዋ ናቸውና እስክትጨርስ ዝም አሉ። «ምንም ምርጫ አላስገቡም» ብላ ዘጋችባቸው። ወደ እኔ ዞረው «ምን አጠፋሁ?» አሉኝ። ምንም! ማሽን መሆኑን የነገራቸው የለም። «ይህ የተቀዳ ድምፅ ነው» ማለት ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

«‹መሰላልን ይጫኑ› ሲባል የማያውቅ አለ?» አለ አንዱ ስብሰባ ላይ። ኮከብ (*) እና መሰላል (#) ስልክ ላይ የተጨመሩት እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ ለማሽን ትእዛዝ ተብለው ነው። አንድ ሰውዬ «የታል መሰላሉ?» ብለው ስልኩን ገልብጠው አዩት።

«የተማረ አይቸገርም»? አንድ ዶክተር ሦስቴ 0 ተጭነው «ሰው አገናኙኝ!» ብለው ጮኹ።

«ዘመናዊ ስልክ ይፈታዋል» የሚለው ደግሞ ያስቀኛል። ጆሮህ ላይ ስታደርገው ስክሪኑ ይጠፋል። ከጆሮህ አንስተህ፣ ቁጥሮቹን ፈልገህ እስክታወጣ የሚቀጥለው ምርጫ አልፏል።

«በቃ ይናገሩ፣ ማሽኑ ይስማቸው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ሕንድ፣ ጉጃራት ውስጥ ገበሬዎች ላይ ሲሞከር ቁጥር መጫን ከመናገር በልጦ ተገኘ። በዚያው ዓመት የወጣው፣ ፓኪስታን ውስጥ በጤና ሠራተኞች ላይ የተሞከረው ደግሞ ተቃራኒውን አሳየ። ስለዚህ ከስብሰባው ተነሡና በራሳችሁ ደዋዮች ሞክሩት።

እስከዚያው ምርጫውን ከአራት አታሳልፉ። ጉዳዩ ይቅደም፣ ቁጥሩ ይከተል፤ «1ን ይጫኑ፣ ሂሳብዎን ለማወቅ» የትርጉም አማርኛ ነው፣ ጉዳዩ እስኪመጣ ቁጥሩ ይረሳል። ደዋዩ ዝም ሲል አትዝጉበት፣ ድገሙለት። 0 ደግሞ እውነተኛ ሰው ጋ ያድርስ፤ ሙዚቃ ጋ አይደለም።