ጣሳ ሲባል ምን ያህል ነው?

ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ «ገብሱ በጣሳ ስንት ነው?» ሲባል ጣሳ መስፈሪያ ነው። ጠላ ቤት ከሆነ መጠጫ። ቤት ውስጥ ደግሞ የቲማቲም ድልህም ይሁን የወተት ዱቄት የነበረበት ባዶ ቆርቆሮ ሁሉ ጣሳ ነው። የሚያጣላው የገበያው ነው፤ ልኩ እንደየሻጩ ዕቃ ይለያያልና።

ጣሳ የሚለካው ይዘትን እንጂ ክብደትን አይደለም። አንድ ሊትር በሚይዝ ጣሳ ስንዴ ቢሰፈር 750 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ገብስ ግን ብዙውን ጊዜ ከ600 እስከ 650 ግራም ነው። ስለዚህ «ጣሳ ማለት አንድ ኪሎ ነው» የሚለው አባባል ለገብስ ገዢ ኪሳራ ነው።

ከመግዛትዎ በፊት ከነቁልሉ ነው ወይስ አፉ ድረስ ብቻ ብለው ይጠይቁ። ባቄላ ላይ ቁልሉ ብቻውን ጥሩ እፍኝ ይወጣዋል። ሻጩ ጣሳውን ነቅነቅ እያደረገ ከሰፈረ እህሉ ይጠቀጠቃል፣ ብዙ ይይዛል፤ ከላይ አፍስሶ ወዲያው ከገለበጠው ግን በመሃሉ ክፍተት ይቀራል። ጣሳውን ገልብጠው ሥሩንም ይዩት፤ ወደ ውስጥ የተደቆሰ ከሆነ አፉ ሞልቶም ጎዶሎ ነው። ምርቃቱ (መቼም ሳይመርቅ የሚሸኝ ሻጭ አይወደድም) ይህን ጉድለት ላይሸፍነው ይችላል።

የቤትዎን ጣሳ ልክ ለማወቅ በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ይሙሉት። ለዓመት ቀለብ የሚሸምቱ ከሆነ ግን ጣሳውን ትተው በሚዛን ያስመዝኑ።