«ፕሮግራሙ 89 በመቶ ይመሳሰላሉ ብሏል»፦ ጽሑፎችን በኮምፒውተር ስለማነጻጸር የተሳሳቱ አመለካከቶች

የጋዜጣ ይዘት ትንተና የሚሠሩ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሳማክር የሚያጋጥሙኝ ስሕተቶች ብዙ ናቸው፤ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው ግን አንዱ ነው። ቀላሎቹን አስቀድሜ ላንሣ።

«በእጅ ማነጻጸር ይሻላል» ይባላል። 1,000 ዜናዎች 499,500 ጥንዶች ስለሚሆኑ ይህን የሚሉ ሰዎች ቆጥረው አያውቁም።

«የሚመሳሰሉ ዜናዎች አንዱ ከሌላው የተቀዱ ናቸው» የሚሉም አሉ። ሁለት ጋዜጦች የአንድን ዜና ወኪል ዘገባ ሲያወጡ ማንም ከማንም አልቀዳም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፦ «ፕሮግራሙ የሚሰጠው የመመሳሰል መቶኛ የትርጉም መቀራረብን ያሳያል።» አያሳይም። «ምክር ቤቱ አዋጁን አጸደቀ» እና «ምክር ቤቱ አዋጁን አላጸደቀም» የሚሉትን እንመልከት። የጋራ የሆኑትን 3 ቃላት በሁለቱ ውስጥ ላሉት 5 ልዩ ልዩ ቃላት ብናካፍል፣ በጃካርድ ስሌት 60 በመቶ እናገኛለን። የቃላቱን ድግግሞሽ ወስደን ኮሳይን (የሁለቱ ድግግሞሾች አቅጣጫ ምን ያህል እንደሚቀራረብ የሚለካ ስሌት) ብናሰላ 75 በመቶ ይሆናል። ሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ሌቨንሽታይን እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው መንገድ፣ አንዱን ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል እንደሚጨመር፣ እንደሚቀነስ ወይም እንደሚተካ ብንቆጥር፣ የሚጨመሩት «ላ» እና «ም» ብቻ ስለሆኑ፣ ክፍት ቦታን ጨምሮ ከ18 ምልክቶች 16ቱ ይገጥማሉና 89 በመቶ ገደማ ይወጣል። ቅጥያን አራግፎ ሥርወ ቃል የሚያወጣ ፕሮግራም ካስቀደምን ደግሞ አፍራሹ ቅጥያ አብሮ ይረግፍና ማጽደቅና አለማጽደቅ 100 በመቶ አንድ ይሆናሉ!

ይህ ለክርክር የፈጠርሁት አይደለም። አንድ ተማሪዬ በዚሁ መንገድ ዜናንና ማስተባበያውን እንደ አንድ ዘገባ ቆጥሮ፣ ሠንጠረዡን ጨርሶ፣ ምዕራፉን ጽፎ አምጥቶልኛል። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ፕሮግራሙ ነው ያለው» አለኝ። ፕሮግራሙ ያለው ነገር የለም፤ ፊደል ቆጥሯል።

ስለዚህ የተጠቀማችሁበትን ስሌት በስም ጻፉ፤ መቶኛ ያለ ስሌቱ ስም ዋጋ የለውም። ጥንዶች ተመሳሳይ የሚባሉበትን ድንበር 80 ወይም 90 በመቶ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ ከሚወድቁት ጥንዶች የተወሰኑትን ሁለት ሰዎች ሳይመካከሩ ያንብቧቸው፤ ስምምነታቸውም በአጋጣሚ የሚገኘውን ስምምነት ቀንሶ በሚያሰላው መለኪያ፣ በኮኸን ካፓ፣ ይለካ። ሁለቱ አንባቢዎች ካልተስማሙ ችግሩ ያለው «ተመሳሳይ» ለሚለው ቃል በሰጣችሁት ብያኔ ላይ ነው፤ ፕሮግራም መቀየር አያድናችሁም።

የመጨረሻው «ኮምፒውተሩ አማርኛ ያውቃል» የሚለው ነው። ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በሁለቱ ጸ እና በሦስቱ ሀ ብቻ በ6 መልክ ሊጻፍ ስለሚችል፣ አንድ ዓይነት ዘገባ በሁለት አዘጋጆች እጅ ካለፈ የመቶኛው ውጤት ያለ ምክንያት ይወርዳል። መፍትሔው ከማነጻጸር በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ሆኖም የሃይማኖት ጽሑፍ የሚተነትን ሰው ይጠንቀቅ፤ ድኅነትና ድህነት አንድ ይሆኑበታልና ያልተለወጠውን ቅጂ ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ለናሙና የሚነበበውም እሱ ይሁን።