ስለ አውሮፓ ኅብረት አጀማመር የሚባለውና እውነታው

(ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኅብረቱ የተመሠረተው ለንግድ ነው»

መነሻው ንግድ ሳይሆን ሥጋት ነበር። ፈረንሳይ በ70 ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የጀርመን ጦር ገብቶባታል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ከአምስት ዓመት በኋላ በጀርመን የሩር አካባቢ ከሰልና ብረት እንደገና ማንሰራራት ጀመረ፤ መድፉም ታንኩም የሚሠራው ከዚያ ነው። ጀርመንን በቅጣት ብቻ ረግጦ መያዝ እንደማያዋጣ ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የቬርሳይ ውል በኋላ በደም ታይቷል። ስለዚህ የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሮቤር ሹማን፣ የአገሪቱ የፕላን ኮሚሽነር ዣን ሞኔ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያረቀቁትን ሐሳብ ሜይ 9 ቀን 1950 ይፋ አደረጉ፦ የሁለቱ አገሮች ከሰልና ብረት በአንድ የጋራ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሥር ይተዳደር፣ ሌሎችም ይግቡበት። እንዲህ ከሆነ አንዱ ከሌላው ተደብቆ ለጦርነት መዘጋጀት አይችልም። ጣሊያን፣ ቤልጂየም፣ ኔዘርላንድስና ሉክሰምበርግ ተጨምረው በ1951 ስድስቱ ፓሪስ ላይ ፈረሙ። የጋራ ገበያው የመጣው በ1957ቱ የሮም ውል ነው።

«ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀና»

አልቀናም። የጋራ ጦር ለማቋቋም በ1952 ውል ተፈርሞ ነበር። ሐሳቡን ያመነጨችው ፈረንሳይ ራሷ ናት፤ በ1954 ውድቅ ያደረገውም የእርሷው ምክር ቤት ነው። ወደ ኢኮኖሚው ያዞራቸው አንዱ ምክንያት ይኸው ውድቀት ነው፤ ታሪኩ ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል።

«የአውሮፓውያን የውስጥ ጉዳይ ነበር»

እኛን አፍሪካውያንን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ይህ ነው። የሮም ውል አልጄሪያን በስም ይጠቅሳል፤ ፈረንሳይ የግዛቴ አካል ናት ትል ነበርና። በዚያው ዓመት አልጄሪያውያን ለነፃነታቸው እየተዋጉ ይሞቱ ነበር። የፈረንሳይና የቤልጂየም የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች፣ ጎረቤታችን በጣሊያን ሞግዚትነት ሥር የነበረችው ሶማሊያም ጭምር፣ «ተባባሪ» ተብለው ከውሉ ጋር ተያያዙ። ፈራሚዎቹ ግን ስድስቱ መንግሥታት ብቻ ነበሩ። የሰላም ውል ተብሎ የሚወደሰው ሰነድ ይህንንም እንደያዘ ሳይነገር መታለፉ ትልቅ ጉድለት ነው።

«ቸርችል ብሪታንያን ከመሥራቾቹ ሊያስገቡ ፈልገው ነበር»

በ1946 ዙሪክ ላይ አንድ ዓይነት «የአውሮፓ ዩናይትድ ስቴትስ» እንዲመሠረት ጠይቀዋል። ብሪታንያን ግን ያዩዋት በደጋፊነት ነው። አገሪቱ ለአባልነት ያመለከተችው በ1961 ነው፤ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎል ሁለት ጊዜ ከለከሏት። የገባችው በ1973 ነው።