አንድን ፖሊሲ ኒዮ ሊበራል የሚያሰኘው ምንድን ነው?

ኒዮ ሊበራሊዝም የዋጋ፣ የብድርና የማኅበራዊ አገልግሎት ውሳኔዎች በተቻለ መጠን በገበያ ውድድር እንዲመሩ የሚሻ የፖለቲካል ኢኮኖሚ አስተሳሰብ ነው። የመንግሥት ድርጅቶችን ወደ ግል ማዛወር፣ የዋጋ ቁጥጥርን ማንሳት፣ ንግድንና የካፒታል ዝውውርን መክፈት፣ የሠራተኛ ማኅበራትን አቅም መገደብ ዋና ዋና መገለጫዎቹ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ መሪ ከእነዚህ አንዱን ስለፈጸመ ብቻ ኒዮ ሊበራል አይባልም፤ ወሳኙ የመንግሥትን ሥልጣን ገበያን ለመትከልና ከሕዝብ ግፊት ለመከለል ማዋሉ ነው። ስለዚህ ኒዮ ሊበራሊዝምን ከደካማ መንግሥት ጋር አንድ አድርጎ ማየት ያሳስታል።

ቺሊ ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ናት። ጄኔራል አውጉስቶ ፒኖቼ እ.ኤ.አ. በ1973 በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ይዘው ምክር ቤቱን ከዘጉና ተቃዋሚዎችን በኃይል ካፈኑ በኋላ፣ የኢኮኖሚውን አመራር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለተማሩ ባለሙያዎች ሰጡ። እ.ኤ.አ. በ1981 ሥራ ላይ በዋለው የጡረታ ሥርዓት ከሠራተኛው ደመወዝ 10 በመቶ እየተቆረጠ፣ የግል ኩባንያ በሚያስተዳድረው የራሱ ሒሳብ እንዲጠራቀም ተደረገ፤ የአሠሪው መዋጮም ቀረ። ሕጉን ያወጣው ወታደራዊ መንግሥት ሠራዊቱንና ፖሊሱን ግን በቀድሞው ሥርዓት አቆየ፤ ኮዴልኮ የተባለውን የመዳብ ድርጅትም አልሸጠም።

በኢትዮጵያ ቃሉ በሰፊው የታወቀው አቶ መለስ ዜናዊ ልማታዊ መንግሥትን፣ ማለትም ኢኮኖሚውን በንቃት የሚመራ መንግሥትን፣ የኒዮ ሊበራሊዝም ተቃራኒ አድርገው ካቀረቡ ወዲህ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ተቀናቃኝን መፈረጃ ሆኖ ትርጉሙ ተበረዘ። ኢሕአዴግ ራሱ በ1985 ዓ.ም. የአንድ ዶላርን ምንዛሪ ከ2.07 ወደ 5 ብር አሳድጎ፣ በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይ.ኤም.ኤፍ.) የተደገፈ፣ ኢኮኖሚውን ወደ ገበያ የሚያዞር የመዋቅር ማስተካከያ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ይህም ሆኖ ባንኮችን ለውጭ ባለሀብት ዝግ አድርጎ፣ ቴሌኮምንም በመንግሥት ይዞታ ሥር ስላቆየ፣ ሥርዓቱን በጥቅሉ ኒዮ ሊበራል ማለት ያስቸግራል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲፈቀድ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በዚያው ዕለት አይ.ኤም.ኤፍ. የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ፤ በቀጣዩም ዓመት የባንክ ዘርፉን ለውጭ ባንኮች የሚከፍት አዋጅ ወጣ። እነዚህ እርምጃዎች በአንድ አቅጣጫ ተከታትለው በመምጣታቸው ከ1985ቱ ይልቅ ለስያሜው ይቀርባሉ። መሬት ግን ዛሬም በሕገ መንግሥቱ አይሸጥም፣ አይለወጥም።