ወልደ ሕይወት እና የእጅ ሥራ ክብር

ፈላስፋውን ዘርዓ ያዕቆብን (ንጉሡን አይደለም) ሁሉም ያውቀዋል። ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት ግን እምብዛም አይነሳም። እኔ ደግሞ፣ በተለይ እኛ እንጦጦ ሥር፣ አዲስ አበባ የምታልቅበት ሽሮ ሜዳና ቀጨኔ አካባቢ ያለን ሰዎች፣ ልናነበው የሚገባው እሱን ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ስለ መምህሩ ባጭሩ። ሐተታ የተባለው የፍልስፍና ጽሑፉ እንደሚተርከው ዘርዓ ያዕቆብ በ1592 ዓ.ም. አክሱም አጠገብ ከድሃ ገበሬ ቤት ተወለደ። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ ንጉሡ ወደ ካቶሊክ ባዘነበሉበት ጊዜ፣ ተከሰሰና ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ሸሸ። ተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ያህል ኖረ። እዚያ የእምነቶችን ክርክር በልቡናው መረመረ። ፈጣሪ አለ፣ ፍጥረቱም መልካም ነው፣ እውነትንና ሐሰትን የሚለየው ለሰው ሁሉ የተሰጠው ልቡና ነው አለ። በኋላ ጎንደር አካባቢ ወዳለችው እንፍራንዝ ገብቶ ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ መዝሙረ ዳዊት እየጻፈ፣ ልጆቹን እያስተማረ ኖረ። የቤቱን ገረድ ሒሩትን ሲያገባም ገረድ ሳትሆን ሚስት ትሁንልኝ አለ፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸውና።

ወልደ ሕይወት ከሀብቱ ልጆች አንዱ ነው። መምህሩን ሐሳብህን ጻፍልኝ ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። የራሱም ሐተታ አለው። ዘርዓ ያዕቆብ ይጠይቃል፣ ይጠራጠራል፤ ወልደ ሕይወት ደግሞ ቁጭ አድርጎ ይመክራል፣ ተረት ይጨምራል፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ምግብ፣ ስለ ልብስ ሳይቀር ያወራል። ለዘብ ያለ ሰው ነው።

እርግጥ ደራሲዎቹ እነሱ ናቸው ወይ የሚል ክርክር አለ። ጽሑፎቹን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1850ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ይሰበስብ ለነበረው ፈረንሳዊ ምሁር ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር በ1920 ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ፣ የጻፋቸው ራሱ ሚሲዮናዊው ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያውያን ናቸው ብሎ ተሟገተ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። የእጅ ሥራው ምክር ግን ማንም ይጻፈው ማን ለእኛ አገር የተጻፈ ነው።

ምክሩ ይህ ነው፦ የእጅ ሥራ ተማር፣ በሱም አትፈር፤ የፈጣሪ ትእዛዝ ነውና። ይህ የድሃና የባለ እጅ ልጆች ዕጣ እንጂ የትልልቅ ሰዎች ልጆች አይደለም ማለትን ከልብ ትዕቢት ይቆጥረዋል። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸክላ የምትሠራዋን ቡዳ እያለ ሲሳደብ በኖረ አገር ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያውን በሥራው እንዳትሰድቡ ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ የደረሱት እኮ ነውሩ ሥር ሰዶ ስለነበር ነው።

ሽሮ ሜዳ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ወይም የእነሱ ልጆች ናቸው። ቀን ሙሉ እግራቸውን ጉድጓድ ውስጥ አድርገው ይሸምናሉ፤ ለበዓል የምንለብሰው ሁሉ ከነሱ እጅ ነው። ቀጨኔ ደግሞ ሴቶቹ ጭቃውን አቡክተው፣ በእጃቸው ቅርጽ አውጥተው፣ በእሳት ተኩሰው ጀበናውን፣ ምጣዱን፣ ድስቱን ያወጣሉ። በጀበናው ቡና እየጠጣን ለጋብቻ ሲሆን የሠሪዋን ዘር የምንጠይቅ ሰዎች ዛሬም አለን። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ወልደ ሕይወትን የሚያነብ ሰው ከዚህ ክፍል ቢጀምር ደስ ይለኛል፤ ስለ ፈጣሪና ስለ ነፍስ የጻፈውን ቀስ ብሎ ይደርስበታል።