በጆሮ የሚወረስ ዜማ፦ የአፓላቺያን ፊድልና ባንጆን በቡድን መማር

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ አንድ ረጅም የተራራ ሰንሰለት አለ። አፓላቺያን ይባላል። ምዕራብ ቨርጂኒያ ሙሉ በሙሉ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ቨርጂኒያ፣ ቴነሲና ኬንታኪ ደግሞ በከፊል እዚህ ተራራ ላይ ናቸው። የዚህ አገር ገበሬ ማታ ማታ ይጨፍርበት የነበረው ሙዚቃ ዛሬ ኦልድ ታይም ይባላል፤ የድሮ ጊዜ እንደማለት ነው። ሁለቱ ምሰሶዎቹ ፊድልና ባንጆ ናቸው። ፊድል ሌላ መሣሪያ እንዳይመስላችሁ፤ ያው ቫዮሊን ነው። የተለየው አጨዋወቱ ነው። ባንጆ ደግሞ እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረበት፣ ረጅም አንገት ያለው የክር መሣሪያ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።)

ሙዚቃው ከሁለት አህጉር የመጣ ነው። ፊድሉ ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ ሰፋሪዎች ጋር ባሕር ተሻገረ። የባንጆ ዘር ግን አፍሪካ ነው። ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ቅል ፈልፍለው፣ ቆዳ ወጥረው፣ እንጨት ሰክተው የሠሩት ነው። ዛሬም በሴኔጋልና በጋምቢያ አካባቢ የጆላ ሕዝብ የሚጫወትበት አኮንቲንግ የሚባል ባለ ሦስት ክር መሣሪያ አለ። ያየው ሰው ዝምድናው ወዲያው ይገባዋል። አመታቱ ሳይቀር ይመሳሰላል፦ በጥፍር ወደ ታች መምታት፣ በአውራ ጣት ደግሞ አጭሯን ክር መንካት። በባርነት ዘመን ለጭፈራ ፊድል ከሚጫወቱት ብዙዎቹም ጥቁሮች ነበሩ። ሁለቱ መሣሪያዎች ተጣምረው አንድ ድምፅ የሆኑት ነጩና ጥቁሩ እርስ በርስ ሲደማመጡ ነው።

ይህ ነገር ለረጅም ጊዜ ተረስቶ ነበር። የሸክላ ኩባንያዎች በ1920ዎቹ የገጠር ሙዚቃ መቅዳት ሲጀምሩ ገበያውን በዘር ከፈሉት። የፊድል ዜማ የነጭ ሙዚቃ ተብሎ ተሸጠ። ጥቁሩ የፊድልና የባንጆ ተጫዋች ከታሪኩ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። በ2005 በሰሜን ካሮላይና ቡን ከተማ የጥቁሮች የባንጆ ጉባኤ ሲካሄድ ነው ወጣቶች ተሰባስበው ይህን ውርስ በጉልህ ማንሳት የጀመሩት። ከዚያው ጉባኤ በኋላ ሪያነን ጊደንስ፣ ዶም ፍሌመንስና ጀስቲን ሮቢንሰን ጆ ቶምፕሰን የተባሉ የመቤን ከተማ ሽማግሌ ፊድል ተጫዋች ቤት እየሄዱ ተማሩ። ሽማግሌው በ1918 የተወለዱ ናቸው። ወጣቶቹ አብረዋቸው ተቀምጠው ሲጫወቱ ዜማውን ያዙት። ካሮላይና ቸኮሌት ድሮፕስ ብለው ያቋቋሙት ቡድን በ2011 የግራሚ ሽልማት አገኘ።

እኔን የሚያስደንቀኝ የመማሩ መንገድ ነው። አዝማሪ ለልጁ ኖታ ዘርግቶ አያስተምርም፤ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ እየሰማ ያድጋል። አፓላቺያንም እንዲሁ ነው። ለምሳሌ ቶሚ ጃረል በሰሜን ካሮላይና ማውንት ኤሪ አጠገብ ቶስት በምትባል ትንሽ ሰፈር የሚኖሩ የፊድልና የባንጆ ተጫዋች ነበሩ። ዕድሜያቸውን የሠሩት መንገድ በሚያስተካክል ማሽን ላይ ነው። በ1966 ጡረታ ሲወጡ ግን ቤታቸው ትምህርት ቤት ሆነ። ከየከተማው ወጣቶች መሣሪያቸውን ተሸክመው ይመጣሉ። እሳቸው ያበሏቸዋል፣ ያሳድሯቸዋል፣ አብረዋቸው ይጫወታሉ። በ1985 እስኪያርፉ ድረስ በራቸው ክፍት ነበር። በቨርጂኒያ ደግሞ አለን ጃቡር የተባለ ተማሪ በ1966 እና በ1967 ሄንሪ ሪድ የተባሉ አዛውንት ፊድል ተጫዋች ዘንድ እየሄደ ዜማቸውን ቀዳ። ቅጂዎቹ ዛሬ በአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ሄንሪ ሪድ ብቻ ያውቋቸው የነበሩ አንዳንድ ዜማዎች አሁን በየአገሩ ይሰማሉ።

ግን ሁሉም ሰው ሽማግሌ ቤት ሄዶ ማደር አይችልም። የቡድን ክፍል የመጣው ይህን ለመተካት ነው። ቤስ ሎማክስ ሆውስ በሎስ አንጀለስ ጊታርና ባንጆ ለብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ታስተምር ነበር። ዘዴዋን ያየው ሙዚቀኛ ፍራንክ ሃሚልተን ወደ ቺካጎ ይዞት ሄደ። መጀመሪያ ዶውን ግሪኒንግ በተባለች ሴት መኖሪያ ቤት አስተማረ። ከዚያ በታኅሣሥ 1957 ከዘፋኙ ዊን ስትራኪ ጋር ኦልድ ታውን የሕዝብ ሙዚቃ ትምህርት ቤትን ከፈቱ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም አለ። አንድ ልማዱን በጣም እወደዋለሁ። ሰው መጀመሪያ በየደረጃው ተከፋፍሎ ይማራል። ከዚያ ቡና ይጠጣል። በመጨረሻ ጀማሪውም የበረታውም አንድ ክፍል ገብቶ አብሮ ይጫወታል። ሦስት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ብቻ የሚያውቀውም ቦታ አለው።

አንድ ክፍል ውስጥ ገብተን እንየው። ወንበሮቹ በክብ ተደርድረዋል። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ለመቃኘት ይሄዳሉ፤ አስራ አምስት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲቃኝ ጆሮ ያደክማል። ፊድል በተለመደው ቅኝቱ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። መነሻ ድምፃቸው ላ ለሆነ ዜማዎች ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን ወፍራም ክሮች ከፍ ያደርጓቸውና ላ፣ ሚ፣ ላ፣ ሚ ይሆናል። ያን ጊዜ ያልተነኩት ክሮች አብረው ይጮሃሉ፤ ፊድሉ ሁለት ሰው የሚጫወተው ይመስላል። ባንጆም እንደየዜማው ይለወጣል። በዚህ የተነሳ አንድ ጊዜ ከተቃኘ ክፍሉ ቶሎ ከዚያ ቅኝት አይወጣም።

ከዚያ አስተማሪው ዜማውን በሙሉ ፍጥነቱ ሦስት አራት ጊዜ ይጫወታል። ማንም መሣሪያ አይነካም፤ ሁሉም ያዳምጣል። ቀጥሎ በአፍ ያንጎራጉሩታል። በአፍ ያልገባ በጣት አይገባም። አብዛኛው ዜማ ሁለት ክፍል አለው። እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ጊዜ ይደገምና እንደገና ከመጀመሪያው ይዞራል። አስተማሪው የመጀመሪያውን ክፍል ይቆራርጠዋል። አንዷን ቁራጭ ይጫወታል፣ ክፍሉ ይመልሳል። ደግሞ ይጫወታል፣ ደግሞ ይመልሳል። ጀማሪ ሁሉንም ድምፅ እንዲይዝ አይጠበቅም። የዜማውን አጥንት ከያዘ ይበቃዋል፤ ሥጋው ቀስ እያለ ይለብሳል።

ለፊድል ተማሪው ከባዱ የቀኝ እጅ ነው። ግራ እጅ የት እንደሚያርፍ በወራት ይለመዳል፤ ደጋኑ ግን ጭፈራውን መሸከም አለበት። አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ይህ ምት ከጠፋ ድምፁ ሁሉ ልክ ቢሆንም ሰው አይጨፍርበትም።

የባንጆው አመታት ክላውሀመር ይባላል። እጁ እንደ አሞራ ጥፍር ተጨምድዶ ይቀመጣል። የጠቋሚ ወይም የመሐል ጣት ጥፍር አንዱን ክር ወደ ታች ይመታል። ከዚያ እጁ ክሮቹን አንድ ላይ ጠረግ ያደርጋል፤ ወዲያው አውራ ጣት አጭሯን አምስተኛ ክር ይለቃል። ቡም-ዲቲ፣ ቡም-ዲቲ ይላል። አውራ ጣት በየምቱ መውረዱን የሚረሳ ጀማሪ ብዙ ነው። አስተማሪዎች ስለዚህ ዜማ ሳይነኩ ቡም-ዲቲን ብቻ ለረጅም ጊዜ ያስመታሉ። አሰልቺ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ልምምድ እሱ ነው እላለሁ። ብሉግራስ በሚባለው ሌላ የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ላይ የሚሰማው ፈጣን የሦስት ጣት አጨዋወት ሌላ ነው፤ በ1945 ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ ከቢል ሞንሮ ቡድን ጋር ሲቀላቀል የገነነ ነው። ብሉግራስ ላይ ተጫዋቾች ተራ በተራ ብቻቸውን ይወጣሉ። ኦልድ ታይም ላይ ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብሮ ነው።

ለዚህ ነው የቡድን ክፍልን የግል ትምህርት ርካሽ ምትክ አድርጎ ማየት ስህተት የሚሆነው። የግል አስተማሪ እጅ ያቃናል፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን አብሮ መተንፈስን፣ የሌላውን ምት እየሰሙ የራስን ዝቅ ማድረግን ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከየት ያመጣዋል? ኖታና ታብም (ጣት የትኛው ክር ላይ የት እንደሚያርፍ የሚያሳይ ጽሑፍ) አሉ፣ ለማስታወሻ ይጠቅማሉ። የደጋኑን መወዛወዝ ግን ወረቀት አይዘውም። ብዙ አስተማሪዎች ወረቀት የሚያድሉት ዜማው ከተያዘ በኋላ ነው። ስልክ አውጥቶ መቅዳት ግን ይፈቀዳል፤ ቤት ሄዶ መስማት የትምህርቱ ግማሽ ነው።

ለልጆችም መንገድ ተከፍቷል። በ2000 በሰሜን ካሮላይና ስፓርታ ከተማ ሄለን ዋይት የተባለች የትምህርት ቤት አማካሪ ጃም የሚባል ፕሮግራም ጀመረች። የተራራው ልጆች ከትምህርት ሰዓት በኋላ ፊድል፣ ባንጆና ጊታር በቡድን ይማራሉ። የአያቶቻቸውን ዜማ ከሩቅ ሰው ሳይሆን ከሰፈራቸው ሰው ይማሩታል። ፕሮግራሙ ከዚያ ወደ ጎረቤት ግዛቶች ተስፋፋ። ለትልልቆች ደግሞ በክረምት ሳምንት የሚፈጁ ትምህርቶች አሉ። በምዕራብ ቨርጂኒያ ኤልኪንስ ከተማ የኦገስታ ማዕከል አለ፤ በሰሜን ካሮላይና ብራስታውን በ1925 የተመሠረተው የጆን ካምቤል የሕዝብ ትምህርት ቤት አለ።

የተማረው የሚፈተንበት ቦታም አለ። በቨርጂኒያ ጋላክስ ከተማ ከ1935 ጀምሮ የፊድል ተጫዋቾች ጉባኤ ይካሄዳል። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለሚኖረው ወገናችን በመኪና አምስት ሰዓት ገደማ ነው። መድረኩ ላይ ውድድር አለ። ዋናው ነገር ግን በድንኳኖቹ መሐል ነው። አምስት ሰው እዚህ፣ አሥር ሰው እዚያ ክብ ሠርቶ እስከ ሌሊት ይጫወታል። አዲስ ሰው መጀመሪያ ከክቡ ውጭ ቆሞ ያዳምጣል። ዜማውን ሲያውቀው ቀስ ብሎ ይገባል። ያላወቀው ዝም ይላል ወይም በለሆሳስ ይከተላል። አንድ ዜማ አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ይዞራል፤ ሰው ሳይሰለች ጭራሽ ውስጡ ይገባል። መቼ እንደሚቆም የሚያውቀው ዜማውን የጀመረው ፊድል ተጫዋች ነው። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ እጆቹ ሥራ ላይ ስለሆኑ አንድ እግሩን ከመሬት ያነሳል። ክቡ ያያል፣ አብሮ ይዘጋል።