«ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር»፦ ተረቱና የጋዜጣ አጻጻፍ

ይህን ተረት የሰማ ሁሉ በትክክል አይረዳውም። «ጨምር» ስለሚል፣ ወሬን ቀባብቶና አሳምሮ ማሳለፍን የሚፈቅድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጎጃም ውስጥ ሽማግሌ ሲናገረው ግን መላው የሚጨመረው በሰሚው በኩል ነው። መላ ግምት ነው፣ ማመዛዘን ነው። ወሬውን ያመጣው ሰው ከወዴት ተነሣ? ከማን ሰማ? ነገሩ በመነገሩ የሚያተርፈው አለ? ጭራሽስ ሊሆን የሚችል ነገር ነው? ይህን ሁሉ በልብህ ሳትመዝን አትቀበል ማለት ነው። ስለ ዋሾ የተነገሩ ተረቶች ሞልተውናል፤ ይህኛው ግን ዋሾውን ትቶ ሰሚውን ይቆጣል።

አነጋገሩ ወሬ በእግር ይሄድ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ስትባል፣ የሩቅ አገር ነገር የሚሰማው ከነጋዴ፣ ከገበያተኛ፣ ቅኔ ፍለጋ ከዋሸራ ወደ ዲማ ከሚሻገር የቆሎ ተማሪ ነበር። ክረምት ገብቶ ዐባይ ሲሞላ የሸዋ ወሬ ይዘገያል፤ የዘገየ ወሬ ደግሞ እስኪደርስ ድረስ ያብጣል። እንግዳ እግሩን ታጥቦ ከተቀመጠ በኋላ «አገሩ ምን ይላል?» ይባላል። እሱም የሰማበትን ገበያና የነገረውን ሰው ጭምር ይናገራል። ሰሚው መላውን የሚጨምረው በዚያ ላይ ተመሥርቶ ነው።

አዋጅ ግን ሌላ ነው። በገበያ ቀን ነጋሪት ተጎስሞ «ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ከተባለ በኋላ መላ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። አዋጅ ይሰማል፣ ይፈጸማል። ደግነቱ ገዢዎቹም በአዋጃቸው ብቻ አልኖሩም፤ «እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?» ብለው ማስጠየቃቸው የታወቀ ነው። በእኔ ግምት የአማርኛ ጋዜጣ ከእነዚህ ከሁለቱ ተወለደ፤ አባቱ አዋጅ፣ እናቱ ወሬ። እስከ ዛሬም አንዴ ወደ አባቱ፣ አንዴ ወደ እናቱ ያደላል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ አእምሮ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን አንድሪያስ ካቫዲያስ በሚባል ግሪካዊ አዘጋጅነት ሲጀመር፣ በእጅ እየተጻፈ ለጥቂት ሰዎች የሚደርስ ነበር። በ1917 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ባቋቋሙት ማተሚያ ቤት የተጀመረው ብርሃንና ሰላም ደግሞ የተማሩት ሰዎች ስለ አገር ሥልጣኔ የሚመክሩበት፣ የሚከራከሩበት፣ ግጥም የሚያወጡበት መድረክ ሆነ። የዚያ ዘመን ጸሐፊ ዜናውን ከምክሩ አይለይም። አንባቢውም «ይህ የእገሌ አሳብ ነው» ብሎ ይይዘዋል እንጂ ሁሉን እንደ እውነት አይወስድም።

ከዚያ በኋላ ጦርነት መጣ። ጋዜጣም ዘመተ። ጣልያኖች «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል የአማርኛ ጋዜጣ ያወጡ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን በጎጃም በኩል ሲመለሱ ደግሞ በእንግሊዝ በኩል «ባንዲራችን» የተባለ የአማርኛ ጋዜጣ ይሰራጭ ነበር። የዚህን የቅስቀሳ ሥራ የመራው ጆርጅ ስቲር ቀደም ሲል በጋዜጠኛነት የታወቀ ሰው ነው። ስለዚያ ዘመቻ የጻፉ ሰዎች የሚተርኩት አንድ ነገር አለ፤ ለተረታችን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ጣልያኖች በለቀቁት የጎጃም ምሽግ ውስጥ ስልክ ይጮኻል። ኤድመንድ ስቲቨንስ የተባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጣልያንኛ ያውቅ ስለነበር ያነሣና፣ የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት በል እንዳለው፣ አሥር ሺህ የእንግሊዝ ጦር በመንገዱ እየመጣ ነው ብሎ ይናገራል። ዊንጌት የሚመራው፣ የጌዴዎን ጦር የሚባለው፣ ሁለት ሺህ አይሞላም ነበር! በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሰው መላ ሳይጨምር ወሬውን ተቀበለ። መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ጋዜጠኛ እንዲህ ያድርግ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ ጎጃሜ ግን ይስቃል እንጂ አይጠይቅም።

በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን አዲስ ዘመን ሲጀመር የአጻጻፉ ነገር መልክ ያዘ። ለውጡን ለማሳየት በጮቄ ተራራ ሥር ባለ አንድ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠራ እንበል። የድሮው ጸሐፊ «ከጎጃም የመጣ ሰው እንደ ነገረን በዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ ተሠርቷል፤ መንገደኛው ከሞት ተረፈ፣ ለሌሎችም ወንዞች እንዲሁ ቢደረግ መልካም ነው» ብሎ ይጽፋል። በንጉሡ ዘመን ዜናው «ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ለሚወዱት ሕዝባቸው ካላቸው አባታዊ አሳብ የተነሣ» ብሎ ይጀምራል። ወንዙ የሚገኘው ከሦስተኛው ዐረፍተ ነገር በኋላ ነው። በደርግ ዘመን «በአድኃሪያን ተጨቁኖ የኖረው የአካባቢው ሠፊ ሕዝብ» ይቀድማል፤ ጓድ እገሌ ያስገነዝባሉ፣ ያሳስባሉ፣ ያስታውቃሉ። ድልድዩ በመጨረሻ ቢገኝም ርዝመቱ አይነገርም። መሪው ተለወጠ እንጂ አባትየው አዋጅ በቦታው ነበር። አንባቢም በዚያ ዘመን ተረቱን በደንብ ሠራበት፤ የማዕረግ ስሙ የጎደለው ባለ ሥልጣን ማን እንደሆነ፣ «መለስተኛ ችግር» የተባለው ምን እንደሆነ በመላ ያውቅ ነበር።

በውጭ አገር ጋዜጦች የተለመደው «ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት» የሚለው አጀማመር ብዙ ጊዜ ከቴሌግራፍ ጋር ይያያዛል። ቴሌግራም በቃል ብዛት ይከፈልበታል፣ መስመሩም ይቆረጣል፤ ስለዚህ ዋናው ነገር ቀድሞ ይላክ ተባለ። ለብዙ ጋዜጦች አንድ ዜና መሸጥ የጀመሩ ድርጅቶች፣ ለምሳሌ በ1846 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አሶሼትድ ፕሬስ፣ የትኛውንም ወገን የማያስቆጣ ደረቅ አጻጻፍ ይጠቅማቸው ነበር። በዚህ አጻጻፍ የእኛ ድልድይ «50 ሜትር ርዝመት ያለው ድልድይ ትናንት ተመረቀ» ተብሎ ይጀምራል። እኔ ይህን አጻጻፍ አከብረዋለሁ፤ ግን አንድ ነገር ይደብቃል። የቱ ይቅደም፣ የቱ ይቅር ብሎ የወሰነው ሰው መላውን አስቀድሞ ጨምሮበታል።

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34/1985 ከወጣ በኋላ የግል ጋዜጦች ሲፈሉ ድልድዩ «የድልድዩ ገንዘብ የት ገባ?» የሚል ርእስ አገኘ። «የውስጥ አዋቂ ምንጮች» የሚባሉ ስም የሌላቸው ሰዎችም መጡ። ብዙ የተደበቀ ነገር ገልጠዋል፤ ብዙ ወሬም አብጠዋል። ጋዜጣው ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል በአውቶቡስ ተጉዞ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ወሬው በአፍ ቀድሞት ይደርሳል። አንድ ቅጂ ለብዙ ሰው ይነበባል፤ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፣ ሌላው «ይህስ አይመስለኝም» ይላል፣ ሦስተኛው የዚያን አገር ሰው ስለሚያውቅ ያርማል። ባሕር ዳር ላይ የሚዘጋጀው በኩር ጋዜጣም በዚያው በ1980ዎቹ ተጀምሮ የአገር ቤትን ነገር ቀረብ አድርጎ መጻፍ ያዘ። ያ በጉባኤ የሚነበብ ጋዜጣ ለእኔ ከአጻጻፉ ይልቅ በአነባበቡ የተሻለ ነበር።

አሁን ወሬው ለየብቻችን በስልክ ይደርሳል። አጻጻፉም ተገልብጧል። የቴሌግራፉ ዘመን ማንንና ምንን በመጀመሪያው መስመር ሲያስቀምጥ፣ የዛሬው ርእስ ሆን ብሎ ይደብቃቸዋል፦ «ሰበር! በጎጃም ያልተጠበቀ ነገር ተከሠተ፣ ይመልከቱ» ይላል። ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ለማወቅ መክፈት ግድ ነው፤ በመክፈትህ ደግሞ ላኪው ያተርፋል። የከፈተው ሰው አንዳንዴ የሚያገኘው ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ፎቶ ነው፤ ከሥሩም ለአሥር ሰው አስተላልፍ የሚል ትእዛዝ አለ።